የሕመሜ ኮሚቴ እንዲፈርስልኝ ስለ መጠየቅ

ለተከበሩ ሽማግሌያችን ኦሞጋካ ዛብሎን ኒያኩንዲ
የ«ቦሲቦሪን እንርዳ» ኮሚቴ መሥራችና የዕድሜ ልክ ሊቀመንበር
ኪሲ

ከሁሉ አስቀድሜ ለክቡርነትዎ ጤና እመኛለሁ። ጉልበትዎ፣ የደም ግፊትዎና ያ አላስተኛ ያለዎት ሳል እንዴት ሰነበቱ? እኔ ደህና ነኝ። ደህና መሆኔ በኮሚቴው ገና ያልጸደቀ ጉዳይ መሆኑን አውቃለሁና፣ ቀድሜ በመናገሬ ይቅርታ እጠይቃለሁ። ይህን ደብዳቤ በሻይ ቅጠል መረከቢያው ግድግዳ ላይ የለጠፍኩት፣ እርስዎም ስለ ጡቴ ለሕዝብ የሚያብራሩት እዚሁ ስለሆነ አድማጭዎ እንዳይንገላታ አስቤ ነው።

ነገሩን ለማያውቅ መንገደኛ ባጭሩ ላስረዳ። የዛሬ ዘጠኝ ዓመት የጡት ካንሰር ያዘኝ፤ ወደ ጉበቴም ዘለቀ፤ ሐኪሞች ሁለት ዓመት ሰጡኝ። የሟች ባለቤቴ ታላቅ ወንድም የሆኑት እርስዎም በሳምንቱ ኮሚቴ አቋቋሙ። ከዚያ ወዲህ በየሦስት ሳምንቱ ኪሱሙ ከተማ እየወረድኩ፣ ካንሰሩን ብቻ ለይቶ የሚመታ መድኃኒት በደም ሥሬ ሲንጠባጠብልኝ ኖሬያለሁ። ስድስት ዓመት ሙሉ በምርመራ አንዳች ነገር አልታየም። ሐኪሜ ዶክተር ሙቴው፣ መድኃኒቱ ልቤን እያደከመው ስለሆነ ማቆምና በየሦስት ወሩ እየተመረመርኩ መጠባበቅ እንደምችል ነገረችኝ። ይመለሳል ወይ ብላት፣ «እውነቱን ልንገርሽ እማማ፣ ማንም አያውቅም። ከመጣ እንደገና እንጀምራለን። ውሳኔው ያንቺ ነው» አለችኝ። ይህንኑ በሰኔ ለእርስዎ ብነግርዎት በማግስቱ ስብሰባ ጠሩ፤ ኮሚቴውም እንዳላቆም በአሥራ አንድ ድምፅ ለሁለት ወሰነ። ስለዚህ የሚከተሉትን አነስተኛ ቅሬታዎች በታላቅ ትሕትና አቀርባለሁ።

፩. ስብሰባው የተካሄደው በእኔ ቤት፣ በእኔ ወንበሮች ላይ ነው። ሆኖም «የበሽተኛዋ ጉዳይ ስለሚነሳ በሽተኛዋ ትውጣልን» ተብዬ ወጥቻለሁ። የወጣሁት ወደ ገዛ ወጥ ቤቴ ስለሆነና ሻይ እንድጨምር አራት ጊዜ ስለተጠራሁ፣ በራሴ ጉዳይ ላይ በአስተናጋጅነት ለመሳተፍ በቅቻለሁ። ለዚህ ዕድል ምስጋናዬ የላቀ ነው።

፪. ባለ ወፍጮው አቶ ኦንጌሪ ተነሥተው «እየሠራ ያለ ወፍጮ ማን ያጠፋል? ይፍጭ እንጂ!» ሲሉ ቤቱ በጭብጨባ ተናወጠ። የአቶ ኦንጌሪ ወፍጮ ከገና ጀምሮ ተበላሽቶ፣ መንደሩ በሙሉ በቆሎውን ተሸክሞ ወንዝ ማዶ እንደሚሄድ ያጨበጨቡት ሁሉ ያውቃሉ። ልቤን በተመለከተ ሌላ ባለሙያ ቢፈለግልኝ እወዳለሁ። ለእኔ ከተሰጡት ሁለት ድምፆች አንደኛው የልጄ የኳምቦካ ሲሆን፣ ሁለተኛው ስኳር ለመጠየቅ እጃቸውን ያወጡት የአዛውንቱ ኦንሶንጎ ነው። ድምፃቸው እንደተቆጠረ ይቆይልኝ።

፫. ሁለት ዓመት በተሰጠኝ ጊዜ የተቋቋመው የቀብር ንዑስ ኮሚቴ እስከ ዛሬ ሥራ ላይ ነው። ከራሴ ጋጣ መርጦ ለቀብሬ የመደበውን ወይፈን እንዳልሸጥም፣ እንዳላርስበትም አዞኝ ነበር። ከብቱ እኔን ሲጠብቅ አርጅቶ አምና ወድቆ ታረደ። ሥጋው ትንሽ ያስቸግር ነበር፤ እኔ ግን ሁለት ጊዜ አስጨምሬ በላሁ። ንዑስ ኮሚቴው በዚህ አፍሮ ይበተናል ብዬ ስጠብቅ የከብቱን የልጅ ልጅ ተክቶ መደበ። አሁንም ጠዋት ጠዋት ለዚያ ጥጃ ሣር የማጭድለት እኔው ነኝ።

፬. የክቡርነትዎ የዓሣ ጉዳይ ነው። ለዘጠኝ ዓመት አጃቢዬ ሆነው ኪሱሙ ወርደዋል፤ እኔ ወደ ሆስፒታሉ በር ስገባ እርስዎ «ሽታው አይስማማኝም» ብለው ወደ ሐይቁ ዳር፣ ወደ ተጠበሰው ዓሣ ያቀናሉ። አንድም ቀን ከበሩ አላለፉም። መድኃኒቱ ከቆመ ዓሣውም ይቆማል የሚል ሥጋት ካለብዎት፣ አውቶቡሱ ጤነኛ ሰውም እንደሚያሳፍር በአክብሮት አሳውቃለሁ።

፭. ባለፈው ጉዞ ኮትዎን ወንበር ላይ ትተው ሲወርዱ፣ ለቀብሬ የጻፉትን ንግግር ከኪስዎ ወድቆ አገኘሁት። ወረቀቱ ከመታጠፉ ብዛት ሊበጣጠስ ደርሷል። አነበብኩት። «ሕመሟን በትዕግሥት ቻለች» የሚለው ውሸት ስለሆነ ይሰረዝ። «እህቴ ነበረች» የሚለው ግን አስለቅሶኛል። ሠላሳ ስድስት ዓመት በአንድ ግቢ ስንኖር በፊቴ ብለውት አያውቁም፤ ለመስማት መሞት ነበረብኝ ማለት ነው።

ክቡር ሆይ፣ እኔም ፈርቻለሁ። መድኃኒቱ ሲንጠባጠብ ቢያንስ አንድ የሚጠብቀኝ ነገር እንዳለ አውቅ ነበር፤ ያለ እሱ ሆዴን በቆረጠኝ ቁጥር መጣ እላለሁ። ግን ፍርሃቱም ልቡም የእኔ ነው። በዚህ መረከቢያ ሠላሳ ዓመት ስመዝን ያረጀ ቅጠል የያዘን ሰው ከነቅርጫቱ እመልስ ነበር፤ የኮሚቴውንም ውሳኔ በዚያው ደንብ መልሻለሁ። ኮሚቴው በክብር እንዲፈርስ፣ ጥጃውም ነፃ እንዲወጣ እጠይቃለሁ።

ለዘጠኝ ዓመት ድካምዎ፣ ላልተጠየቀ ምክርዎ፣ በስሜ ለጠጡት ሻይ ሁሉ ከወገቤ ዝቅ ብዬ እያመሰገንኩ፣ ኮሚቴው ባይፈቅድም በሕይወት ያለሁት

ፓውሊን ቦሲቦሪ

ግልባጭ፦
ለአቶ ኦንጌሪ፣ ወፍጯቸው እስኪጠገን ጊዜ ስለሚኖራቸው
ለአዛውንቱ ኦንሶንጎ፣ ከስኳር ጋር

ማሳሰቢያ፦ መድኃኒቱን ያቆምኩት በየካቲት ነው። እርስዎ እንዳይደነግጡ ብዬ ጉዞውን አላቋረጥኩም፤ በየሦስት ሳምንቱ አብሬዎት እየወረድኩ በሆስፒታሉ የጓሮ በር ወጥቼ ጸጉሬን ስሠራ ከረምኩ። አንድ ቀንማ «ዛሬስ መድኃኒቱ ተስማምቶሻል» ብለውኛል። በሰኔው ስብሰባ ላይ «ካቆመች ሦስት ወር አትደርስም» ሲሉ፣ አራተኛውን ወር ይዤ ሻይዎን እየቀዳሁ ነበር። የመጀመሪያው ምርመራ ንጹሕ ሆኗል። ሁለተኛው በነሐሴ ነው፤ ምን እንደሚወጣ አላውቅም። ውጤት የሚጠበቅበት አግዳሚ ለሁለት ሰው ይበቃል፤ እኔ ዘጠኝ ዓመት ብቻዬን ተቀምጬበታለሁ። በሩን አልፈው ይግቡ። አጀንዳ የለም፣ ድምፅ አይሰጥም፤ ዝም ብለው አጠገቤ ይቀመጡ።