ጣራ የሌለው ቤት

ሰኞ፣ ግንቦት 6 ቀን 1965

ከሰል አከሰልኩ። የወይራ ጭራሮ በጣሳ አፍኜ። ጥሩ ወጣ፣ አይሰበርም። ወረቀት ግን የለም። ያረጁ ካርታዎችን ቆራርጬ ጀርባቸውን ለ10ኛ ክ. አደልኩ። የአንዱ ልጅ ስዕል ጀርባው ሕንድ ውቅያኖስ ነው። ይሁን።

ጧት ዳይሬክተሩ ጠራኝ። (ከዛሬ ጀምሮ «ዳ.» ነው፤ ቀለም ይቆጠብ።) ቅዳሜ የወላጆች ቀን ነው፣ ከደሴ ትልቅ እንግዳ ይመጣል፣ አዳራሹ በተማሪ ስዕል ይሞላ፣ ርእሱም «ልምላሜ» ይሁን አለኝ። በመስኮቱ ወደ ውጭ አየሁ። ሜዳው አቧራ ነው። በልጉ ቀርቷል። እሺ ብዬ ወጣሁ። እሺ በማለት የሚያህለኝ የለም።

ክፍል ስገባ ልምላሜውን ተውኩት። ቤታችሁን ሳሉ አልኳቸው። የከሰል መስመር እንዴት እንደሚጠፋም አሳየሁ። አዲስ አበባ ስዕል ት/ቤት እንደተማርኩት፣ የዳቦውን ልብ ድብልብል አድርጎ መስመሩን ጫን ጫን ማድረግ ነው። ለዚሁ ብዬ ከሻይ ቤት ዳቦ ገዝቼ ነበር። ክፍሉ እንዲያ ጸጥ ብሎ አያውቅም። ማስተማር ማለት ይሄ ነው ብዬ ኮራሁ። በመጨረሻም የዘወትር ስብከቴን ሰበክሁ፦ ሥራችሁ ላይ ስማችሁን ጻፉ፤ በሰው ሥራ ላይ ስሙን የሚጽፍ ሌባ ነው።

ከደወሉ በኋላ ጠረጴዛዬ ላይ የጠቆረው የዳቦ ፍርፋሪ እንኳ የለም። ንጹሕ ልጆች ናቸው።

ረቡዕ፣ ግንቦት 8፣ ከምሳ በኋላ

እርማት። ቤት በቤት ሆኛለሁ። ሁሉም ላይ ፀሐይ በሁለት ተራራ መሃል ትወጣለች። እኔ አላስተማርኳቸውም፤ ከየት እንደሚያመጧት እንጃ።

ከዚያ የአስካለ መጣ። አስካለ ከለጋምቦ በኩል የመጣች የገበሬ ልጅ ናት። ከሁለት ጓደኞቿ ጋር እዚህ መካነ ሰላም ቤት ተከራይታ ትማራለች፣ ስንቋን አባቷ በገበያ ቀን ያመጡላታል። ከቤቱ አጠገብ በሬ ሥላለች። በሬው! ከማጅራቱ እስከ ጭራው በአንድ መስመር፣ እጇን ሳታነሳ። ወደ ላይ ቀና ብሎ ጣራውን ያያል። እኔ እንዲህ ያለ መስመር ስቤ አላውቅም። ቀናሁ፣ ደብተሬ ወዳጄ። ላንተ ካልነገርኩ ለማን እነግራለሁ?

ጣራው ግን ወራጅና ማገር ብቻ ነው። ሣር የለውም። ተሰጥኦ ያለው ሰው ሲሰንፍ አይጣል ነው። በቀይ እርሳስ «ጣራው አላለቀም። ሰነፍ!» ብዬ ጻፍኩ። 6/10። ስጽፈው ትንሽ ደስ ብሎኛል። ቅናት ነው።

ሐሙስ፣ ግንቦት 9

እጄን ቢቆርጡት ይሻላል።

ስዕሉን መለስኩላቸው። ሁሉም ሲወጣ አስካለ ቀረች። ወረቀቱን ፊቴ አኖረችው። አልተቆጣችም።

«ጋሼ፣ ሣሩን በሬው በላው» አለች።

አልገባኝም። ለሕፃን እንደሚነገር ቀስ ብላ ነገረችኝ። መኖ ጠፋ። አባቷ በሬው እስከ እርሻ እንዲቆምላቸው ብለው ጧት ጧት ከክዳኑ እየመዘዙ አበሉት። ክዳኑ አለቀ። ከዚያ በሬውም ሞተ። አሁን አባትና እናቷ ከወራጁ ሥር ያድራሉ። ስንቅ ከቀረባት ሁለት ገበያ አልፏል።

ያ ዳቦ ትዝ አለኝ። የሰኞው ጸጥታ። ጠረጴዛዬ ላይ ያልተገኘው ጥቁር ፍርፋሪ። የተራቡ ልጆች ፊት በእህል ከሰል ሳጠፋ፣ «ንጹሕ ልጆች» ብዬ እዚህ ጻፍኩ።

ቀዩን ጽሑፍ ለማጥፋት ፈተግሁት። አይለቅም። ወረቀቱ ሊቀደድ ሲል ተውኩት። ቤቴ ያለውን ገብስና ሽሮ ለሦስቱ ልጆች ሰጠሁ። ዓይኔ እንባ ሲያቀርር አይታ «አብሽሩ ጋሼ» አለችኝ። እሷ እኔን!

ዓርብ፣ ግንቦት 10፣ ከሰዓት

ዳ. ስዕሎቹን ሊመርጥ መጣ። የአስካለ ላይ ቆመ። ስሟን ጮክ ብሎ አነበበ። ሄዶ በሩን ዘጋ። ክፉ ሰው አይደለም፣ ፈርቷል። ደሴ ላይ ረሃብ የሚል ቃል ያነሱ ተማሪዎች ታስረዋል አለኝ፣ በሹክሹክታ። ወይ ሣር ይሳልበት ወይ እሳት ውስጥ ይግባ። እንዲሁ ከተሰቀለ ግን ከሥሩ ስሙ ያለ ሰው ለፖሊስ ይሰጣል፤ የጠባይ ምስክር ወረቀትም አይፈረምለትም።

ያ ወረቀት ከሌላት መምህራን ማሠልጠኛ አትገባም። እዚያ አልጋ አለ፣ ምግብ አለ። ዘንድሮን የቆመችው ያንን እያሰበች ነው። እሱም ያውቃል፣ እኔም አውቃለሁ።

ጠራኋትና ብጫ ቀለም ሰጠኋት። አዎ፣ እኔ። ትንሽ ሣር ጣል አድርጊበት አልኳት። ብሩሹን ይዛ ቆመች፣ ቆመች። ከዚያ አስቀመጠችው።

«አባዬ ነገ ይመጣሉ። ደጃቸውን ያውቁታል፣ ጋሼ።»

እንዲሁ ይሰቀልልኝ ብላ ለመነችኝ። ጮህኩባት። ሞኝ ነሽ፣ በገዛ እጅሽ ዳቦሽን ትደፊያለሽ አልኳት። አለቀሰች። ሐሳቧን ግን አልለወጠችም። ስዕሉን ይዤው ቤት ገባሁ። አሁንም በራሴ ተናድጃለሁ።

ቅዳሜ፣ ግንቦት 11፣ ጧት 12 ሰዓት

እንቅልፍ የለም። ስዕሉ ግድግዳውን ተደግፏል። ብጫው ቀለም በብሩሹ ላይ ደርቋል።

ባቃጥለው ማንም አይጠይቀኝም። እንግዳው ልምላሜ አይቶ፣ ጠላውን ጠጥቶ ይመለሳል። የአስካለ አባት ግን ያን ሁሉ መንገድ በእግራቸው መጥተው፣ ፀሐይ በሁለት ተራራ መሃል ስትወጣ አይተው ይመለሳሉ።

እፈራለሁ። ወረኢሉ ያለችው እናቴ ከኔ ሌላ ልጅ የላትም። ይህንንም ልጻፈው።

ስሟን አጠፋሁት። ጠረጴዛው ላይ ዳቦ አለ፤ አልነካሁትም። ለአባቷ እይዘዋለሁ። በሸሚዜ እጅጌ ነው ያጠፋሁት። በቦታው የራሴን ጻፍኩ፦ እንድሪስ። ሌባ ማለት እንግዲህ እኔ ነኝ። ከት/ቤት ከወጣሁ ወዲህ ስሜን ካኖርኩባቸው ሁሉ ይኼ ይበልጣል፤ የኔም አይደለም።

ዳ. እውነቱን ያውቃል። ግን በእንግዳው ፊት በትምህርት ቤቴ እንዲህ የሚስል ተማሪ አለ ከሚል፣ አንድ ያበደ አስተማሪ ቢሰጣቸው ይቀለዋል።

ቀዩ ጽሑፍ አልለቀቀም። ከስሜ በላይ «ሰነፍ!» ብሎ ተቀምጧል፣ ከነ 6/10ው። ይቆይ። ለኔ ከሆነ ትክክል ነው፤ ነጥቡ ግን በዝቷል።

አንተ፣ ደብተሬ፣ ከከሰሉ ጆንያ ሥር ትቆያለህ። ሚስማሩን ይዣለሁ። ሰው ሳይገባ መሃል ግድግዳው ላይ እሰቅለዋለሁ፣ አባቷ በሩን ሲያልፉ ፊት ለፊት እንዲያገኙት።