ጥቁር ለብሰን የሄድንበት ቤት

ቅዳሜ፣ ኖቬምበር 8

ዛሬ ጉድ ሆንን። በቅርቡ እድራችን የገቡ ወጣት ባልና ሚስት አሉ። ባልየው ትናንት በዋትስአፕ ግሩፓችን «ነገ ሁላችሁም ቤታችን ኑልን» ብሎ ጻፈ። እኛ አሮጊቶች እዚያ ላይ ከመርዶ በቀር አንብበን ስለማናውቅ፣ ማን ሞተ ብሎ የጠየቀ የለም። አምስታችን ጥቁር ለብሰን፣ ንፍሮ ይዘን ኬንቲሽ ታውን ወዳለው ቤታቸው ሄድን። ሚስቱ ሳራ ጨቅላ ልጇን ታቅፋ ከፈተችልን።

«እማማ፣ ማን ሞቶ ነው?» አለች ደንግጣ።

ወይዘሮ አስካለ ነጠላቸውን ቶሎ ገልብጠው እልል አሉ፤ ድምፃቸው ግን ሙሾ ሙሾ ይላል። አራስ ከጠየቅን ስንት ዓመታችን! ንፍሮውን አራሷ እየሳቀች በላችው።

ቤት ስገባ፣ ሁሌ ከበሩ ኋላ የምሰቅለውን ጥቁር ሻርፕ ቁም ሳጥን ውስጥ ከተትኩት። እዚያ ስንት ቀን እንደሚቆይ እንጃ።