ስትታቀፍ የምታለቅስ ልጅ

ኅዳር 4
ቀኑን ሙሉ እርማት። የሌላ ሰው መጽሐፍ፣ የሌላ ሰው ነጠላ ሰረዝ። ማታ የእህቴን ልጅ ታቅፌ ኮሪደሩን ስመላለስ። አምስት ወሯ ነው። ላስቀምጣት ያለ ሰው በጩኸቷ ከጎረቤት ጋር ይጣላል።

ኅዳር 9
ከትናንት ጀምሮ ትኩሳት። እናቴ «ጥርስ ነው» አለች። በዚህ ቤት ጥርስ ያልተከሰሰበት ሕመም የለም። ልጅቷ ጡት እምቢ አለች፣ አስታወከች... እሱም ጥርስ ነው ተባለ።

ኅዳር 10
ጠዋት አልጋዋ ላይ ዝም ብላለች። እህቴ ደስ ብሏት፣ «ጋሼ፣ መታቀፍ ተወች እኮ። ጨዋ ሆነች።»
«ከማን ወርሳው?» አልኩ።
ዳይፐር ልቀይር እግሯን ሳነሳ ጮኸች። ቀጭን፣ የሷ ያልሆነ ድምፅ። ታቀፍኳት፤ ባሰባት። አስተኛኋት፤ ተወች። ደግሜ አነሳኋት፤ ያው። ይቺ ልጅ ታቅፈዋት የምታለቅሰው ከመቼ ወዲህ ነው?
ገላዋ እሳት፣ እጅና እግሯ ቀዝቃዛ። ዝልፍልፍ ብላለች። ቀና አድርጌ አናቷ ላይ እርግብግቢቷን ነካሁ፤ ተወጥሮ ወደ ላይ አብጧል።
«እማ፣ ጥርስ አናት ላይ አይበቅልም።»
«ደግሞ ሐኪም ሆንክልኝ» አለች። ጫማዋን ቀድማ ያደረገች ግን እሷ ናት።
ሆስፒታል ያገኘናት ሐኪም ብዙ አልጠየቀችም። መድኃኒቱን በደም ሥር አስጀመረች፤ ከልጅቷ ጀርባም ለምርመራ ፈሳሽ ቀዱ። ማጅራት ገትር።
«አንገቷ አልደረቀም፣ ሽፍታም የለባትም» አለች እህቴ።
«ሕፃን ላይ አንገት ላይደርቅ ይችላል። ሽፍታውም ላይመጣ ይችላል። ሁሉም እስኪሟላ የጠበቀ ይዘገያል» አለች ሐኪሟ።
አልጠበቅንም... ግን አንድ ቀን በጥርስ አሳልፈናል። ለጉዳት ይበቃ ይሆን?

ኅዳር 12
ትኩሳቱ አልወረደም። እናቴ የሆስፒታሉ ወንበር ላይ፣ «ጥርስ ያልኩት እኔ ነኝ» አለች።
«የተስማማነው ሁላችን ነን» አልኳት። ብስኩት ተካፈልን። ማንም አልበላም።

ኅዳር 14
ጡት ያዘች። እህቴ እንቅልፍ ወሰዳት፣ ቁጭ እንዳለች።

ታኅሣሥ 16
የጆሮ ምርመራ። ከዚህ በሽታ በኋላ ግድ ነው ብለውን ነበር። ግራው ደህና ነው። ቀኙ አይሰማም። አይመለስም ብለዋል።
ቤት ስንደርስ እህቴ፣ «እኛ ቤት ለሚወራው አንድ ጆሮ ይበዛል» አለች። እናቴ ልትስቅ ጀምራ ወጥ ቤት ገባች።
ማታ ከቀኝ ትከሻዬ ወደ ግራ አዛወርኳት፤ ደህናው ግራ ጆሮዋ ወደ አፌ እንዲሆን። ክንዴ ገና አልለመደም። የአያቷን ሐሜት ጀመርኩላት።
ዞር ብላ አየችኝ።