ለሁለት ቀን ብቻ የተነቀለው የፍሬን ዘንግ

ታዴ፣

ደብዳቤ ሲጀመር ጤና ይጠየቃል። እኔ አልጠይቅህም። ደህና አለመሆንህን በዓይኔ አይቻለሁ፤ ከዚያ ቁልቁለት በቃሬዛ ሲያወጡህ አጠገብህ ነበርኩ። አንተም የእኔን ጤና ሳትጠይቅ ነው የሄድከው። ስለዚህ ሰላምታው ይቅርና ወደ ጉዳዬ ልግባ። ተናድጃለሁ፤ ንዴቴን የምነግረው ሰው ደግሞ ካንተ ሌላ የለኝም።

ከተለየኸን ዓመት ሆነህ። ነገ ሙት ዓመትህ ነው። እህቴ አልማዝ ድግሱን በአቅሟ አሰናድታለች፤ ለቄሱም ተነግሯቸዋል። በሰቃ በኩል፣ በእርሻው፣ ቡናው እንደገና ቀልቷል ይላሉ። እኔ ሄጄ አላየሁም፣ ማየትም አልፈልግም።

አሁን የምንኖረው ጅማ፣ ቦሳ አዲስ፣ አልማዝ ግቢ ውስጥ ባለችው የጓሮ ክፍል ነው። የእርሻው ቤት ተወስዷል፤ እንዴት እንደተወሰደ እነግርሃለሁ። እኔ ቡና መጋዘን ለቀማ ገብቻለሁ፤ ቀኑን ሙሉ ጥቁሩን ፍሬ ከደህናው ስለይ እውላለሁ። ማርታ ትምህርት ቤት ገባች፤ የፊት ጥርሷ ወልቆ ስትስቅ አንተን መስላ ቁጭ አለች። አልጋችንንም ይዤው መጥቻለሁ፤ ያንን ጎማ የገጠምክለትን። የዚህ ቤት ወለል ዘቅዘቅ ያለ ስለሆነ ተኝተን ሳለ ወደ በሩ ይንሸራተታል፤ ድንጋይ አስደግፌለታለሁ። አልጋ ጎማ ለምን እንደሚያስፈልገው እስከ ዛሬ አልገባኝም።

አንተ ያልነካካኸው ነገር ምን ነበር? የስፌት መኪናዬን ፔዳል ፈትተህ የበቆሎ መፈልፈያ አደረግኸው። ጎረቤቱ ሁሉ በቆሎውን እየተሸከመ መጣ፣ አመሰገነህ፣ ሄደ። እኔ የማርታን ቀሚስ በእጄ ሰፋሁ። ያኔ ሳኮርፍህ ሰነበትኩ፤ አሁንም አልወጣልኝም።

ያቺን ትንሽ ትራክተር ግን ልክድህ አልችልም። እርሻው ከባለቤቱ ሲወረስ አብራ የተወረሰች፣ መለዋወጫ የማይገኝላት፣ ከመንግሥት ትልልቅ ትራክተሮች አጠገብ ስትቆም የምታሳፍር ነበረች። ሠራተኛው ጊደሯ ይላት ነበር። ሰው ያደረጋችኋት አንተና ኑሩ ናችሁ፤ አንተ ሹፌሯ፣ እሱ የእርሻው በያጅ። ከተሰበረ የጭነት መኪና አክስል ተጎታች ሠራችሁላት። ከኋላዋ ለችግኝ ጉድጓድ የሚቆፍር ጠምዛዛ ብረት ገጠማችሁባት። በቀበቶ አያይዛችሁ የቡና መፈልፈያውን አዞራችሁባት። ትልልቆቹ ትራክተሮች የማይገቡበት የቡና ሥር ሁሉ እሷ ትገባ ነበር። ማታ ዘይት በዘይት ሆነህ ስትመጣ እጮህብህ ነበር፤ ደስ ይለኝ እንደነበረም ታውቃለህ።

ከዚያ ዘመቻ ተባለና ወደ ምሥራቅ ወሰዱህ። ስትመለስ ቀኝ እግርህ ከጉልበትህ በታች አልነበረም። ሥራ አስኪያጁ ሠራተኛውን ሰብስቦ ጀግናችን አለህ፤ አስጨበጨበልህ። በማግስቱ በአንድ እግር ትራክተር አይነዳም ብሎ በር ጠባቂ አደረገህ። በሩ ላይ ተቀምጠህ ጊደሯን ሌላ ሰው ማርሽ እያንጫጫ ሲነዳት ስታይ ፊትህ ምን ይመስል እንደነበር እኔ ነኝ የማውቀው። ምሳህን ሳመጣልህ አትበላም ነበር።

እና ከኑሩ ጋር መከራችሁ። ከአሮጌ ባሌስትራና ከውሃ ቧንቧ ዘንግ ሠራችሁ፤ ከፍሬኑ ፔዳል ጋር ተበይዶ እስከ ቀኝ እጅህ የሚደርስ። እግርህ የሚረግጠውን እጅህ ይስበው ጀመር። እሑድ ከሰዓት ግቢውን ስትዞርባት ለቃሚዎቹ እልል አሉ። ሥራ አስኪያጁም ቆሞ አየ፤ አልፈቀደም፣ አልከለከለም። የለቀማ ወቅት ነበር፣ ሹፌር አልነበረውም። እንደዚያ ሆነህ ወደ ጊደሯ ተመለስክ። ምሳህንም መብላት ጀመርክ።

አምና በለቀማው መካከል ወባ ጣለህና ጅማ ሆስፒታል ተኛህ። በዚያው ሰሞን ጎብኚዎች ከአዲስ አበባ ይመጣሉ ተባለ። ሥራ አስኪያጁ ተርበተበተ። በመንግሥት ንብረት ላይ ቅጥያ እንዳይታይ ብሎ አዘዘ። መቆፈሪያው ተፈታ፣ ተጎታቹ ተደበቀ፣ ያንተን የፍሬን ዘንግ ከፔዳሉ ላይ በመጋዝ ቆረጡት። የት ይደበቅ ሲባል የማንም ዓይን የማያርፍበት የእኛ፣ የታደለ ጓሮ ተባለ። ራሱ ሥራ አስኪያጁ በራችን ላይ ቆሞ «ለሁለት ቀን ብቻ ነው፣ እህቴ» አለኝ። በኮባ ቅጠል ሸፈንነው። ዶሮዬ እላዩ ላይ ወጥታ እንቁላል ጣለች። ጎብኚዎቹ የታጠበች ትራክተር አይተው አጨበጨቡ።

በሁለተኛው ቀን እሸት ቡናው በየማሳው ተከምሮ ይጠብቅ ነበር። እሸት ካልተፈለፈለ እንደሚበላሽ ለአንተ አልነግርህም። ሥራ አስኪያጁ ይህን ሲያስብ ላብ አጠመቀው፤ ያን ቀን ከሆስፒታል እንደምትወጣ ሰምቶ ነበርና፣ ጎብኚዎቹ ምሳ ላይ ሳሉ ዘንጉም ተጎታቹም በቶሎ ይመለሱ አለ። ኑሩ በጄኔሬተሩ መበየድ ጀመረ። ጀምሮ ሳይጨርስ ጄኔሬተሩን ለድምፅ ማጉያው ወሰዱበት፤ ንግግር ሊደረግ ነው ተባለ። አንተ ያኔ ነው ከጅማ በአውቶቡስ የደረስከው፣ ዓይንህ ቢጫ ሆኖ፣ ሱሪህ ከወገብህ እየወረደ። ቤት እንኳ አልገባህም። ሾርባ ሠርቼልህ ነበር።

እሸቱን ጭነህ ስትወርድ፣ ወደ ወንዙ በሚወስደው ቁልቁለት ላይ ዘንጉ ተነቅሎ እጅህ ላይ ቀረ። የሞላው ተጎታች ከኋላ ገፋህ። ድምፅ ማጉያው እየጮኸ ስለነበር ስትገለበጥ ማንም አልሰማም። አንዲት ለቃሚ ናት ሮጣ የመጣችው።

አርባህ ካለፈ በኋላ ሥራ አስኪያጁ ቤት መጣ። ሟቹ ያለፈቃድ በገጠመው ቅጥያ ምክንያት ሕይወቱ አለፈ ተብሎ ለበላይ እንደሚነገር ገለጸልኝ። በነገው ስብሰባ ተነስቼ አዎ ካልኩ ቤቱ አይወሰድብኝም፣ ኩሽና ውስጥም ሥራ ይሰጠኛል። ለልጅሽ አስቢ አለኝ። ስለ ልጄ ያሰበ መስሎ ሲናገር ነው ደሜ የፈላው።

በስብሰባው ተነሳሁ። እኔ በሰው ፊት ስናገር ጉሮሮዬ እንደሚዘጋ ታውቃለህ። ያን ቀን አልተዘጋም። እግሩን የወሰዳችሁት እናንተ ናችሁ፣ በእጁ ሲተካው ደግሞ በመጋዝ የቆረጣችሁት እናንተ ናችሁ አልኩ። ብረቱ ጓሮዬ ነበር፣ ተቆርጦ ሲመጣ የተቀበልኩት እኔ ነኝ አልኩ። ባሌ አዲስ ብየዳን በመዶሻ መትቶ በጆሮው ሳይሰማ አንድ እርምጃ አይነዳም፤ ያን ቀን የነዳው ማንም ስላልነገረው ነው፣ አታላችሁ አስቀመጣችሁት አልኩ። ከኋላ አንዲት ሴት «ዱጋ ነው! እውነቷን ነው፣ በኮባ ስንሸፍነው እኔም ነበርኩ» አለች። አዳራሹ ተንጫጫ። ሥራ አስኪያጁ የአድኃሪ ወሬ ነው ብሎ ስብሰባውን ዘጋ። እኔ ግን የማየው ኑሩን ነበር። አንገቱን ደፍቶ ተቀምጧል። ከወዳጅህ አፍ አንድ ቃል አልወጣም። ያን ዕለት ከሥራ አስኪያጁ ይልቅ ኑሩን ጠላሁት።

ሳምንት ሳይሞላ ቤቱ ለሠራተኛ ይፈለጋል ተባልኩ። አልጋውን በአህያ ጋሪ ጭኜ ማርታን አዝዬ ወጣሁ። አላለቀስኩም። ስምህን ንጹህ አድርጌ ነው የወጣሁት ብዬ ነበር። ዓመቱን ሙሉ ያቆመኝ እሱ ነው፤ ጥቁሩን ፍሬ ስለይ ስውል፣ ማርታ የሌሎች አባት እያየች ስትጠይቀኝ፣ አታለውት ነው እንጂ እሱ አያደርገውም እያልኩ እጽናና ነበር።

ባለፈው እሑድ ኑሩ መጣ። ከቀበሌ ሱቅ የደረሰውን ስኳር ነው መሰለኝ፣ ጥቂት በጋዜጣ ጠቅልሎ ይዟል። ሳላስገባው ልመልሰው ነበር። «ማሎ፣ እባክሽ ዘኒ፣ በፈጠረሽ፣ አንድ ነገር ልንገርሽና እሄዳለሁ» ብሎ ለመነኝ። አስገባሁት።

«ወላሂ ነግሬው ነበር» አለኝ። ጄኔሬተሩን ወስደውብኛል፣ ብየዳው በሁለት ቦታ ብቻ ነው የያዘው፣ ማታ እጨርሰዋለሁ፣ ዛሬ አትንዳት ብሎሃል። አንተ መዶሻውን ከእጁ ተቀብለህ መታኸው። ጆሮህን አስጠግተህ ሰማህ። ከዚያ ሳቅህ። ዛሬ አልችልም ካልኩ ነገ ሌላ ሰው ይቀመጥባታል፣ እሸቱም ይበላሻል፣ ማታ እንጨርሰዋለን አልከው። እና ወጣህ።

በስብሰባው ለምን ዝም አልክ አልኩት። ብናገር አውቆ ነው የሞተው ይሉ ነበር፣ ያንቺን ቃል በእኔ ቃል ይሰብሩት ነበር፤ እኔን መጥላትሽ ይሻላል ብዬ ነው አለኝ። ዓመቱን ሙሉ የጠላሁት ሰው እንዲህ አስቦ ነው የተጠላልኝ። ሻይ አፍልቼ ሰጠሁት።

አውቀህ ነው የሄድከው፣ ታደለ። ሰምተኸዋል። ቡናው የእኛ እንኳ አልነበረም። ከዚያች ብረት ላይ እንዳያወርዱህ ብለህ እኔንና ማርታን ከነመኖራችን ረሳኸን። ሾርባው ድስቱ ውስጥ ሲረጋ አስብ። እኔ ጉሮሮዬን ከፍቼ በዚያ ሁሉ ሰው ፊት ማንም አልነገረውም ብዬ ስምል፣ አንተ እዚያ ሆነህ ምን ተሰማህ? ቤቴን ያጣሁት አያደርገውም ብዬ፣ አንተ ባደረግኸው ነገር ነው። እንዲህ ያለ ሥራ በሰው ሚስት ላይ ይሠራል?

በር ላይ ተቀምጠህ ምሳህን ስትመልስ የነበረው ፊትህ ይመጣብኛል፣ ያኔ ይገባኛል። ሲገባኝ ደግሞ ይብስ እናደዳለሁ። ያንን በር ጠባቂ እኔ እወደው ነበር እኮ። ምሳ የማይበላውን፣ የሚያኮርፈውን፣ ክራንቹን ደጅ ላይ ጥሎ የሚገባውን። እሱ ይበቃኝ ነበር። አንድ ቀን እንኳ አልጠየቅኸኝም።

ቃሌን ግን አላነሳም። ዘንጉን ባይቆርጡት ለመምረጥም አትገደድም ነበር፤ ይህን ማንም ቢጠይቀኝ እደግመዋለሁ። ማርታ ስታድግ የእነሱንም ያንተንም እነግራታለሁ፣ አንዱን ለሌላው ስል አልደብቅም። ኑሩንም ነገ ጠርቼዋለሁ፤ ከቤተሰቡ ጋር ከፊት ይቀመጣል።

ነገ ቄሱ እግዚአብሔር ነፍሱን ይማር ይላሉ፤ ሰውም አሜን ይላል። እሱ ይማርህ። የእኔ ምሕረት ገና ነው፤ እስከዚያ ድረስ አንድም ቀን አልረሳህም።

ዘነበች