አባባ ያበላሹት መጋዝ

ይድረስ ለምናፍቅህ ወንድም ጋሼ ባዘዘው፣ ድሬዳዋ።

ለጤናህ እንደምን አለህ? የአገሩን ሙቀት ለመድከው? ትከሻህን ይይዝህ የነበረው ሕመምስ ተወህ? እኛ ፈጣሪ ይመስገን፣ ካንተ ናፍቆት በቀር ደኅና ነን። እዚህ ዝናቡ ገና አላባራም፤ የአባባ አናጢ ቤት ሳንቃ ሁሉ እርጥብ ነው።

ስድስት ዓመት በቤታችን ያልተነሳ ነገር ዛሬ ልጽፍልህ ነው። የአባባን መጋዝ ብየዳ ቤት ወስደህ በኤሌክትሪክ መሳያው በግራይንደር አስለህ፣ ብረቱ ተቃጥሎ ሰማያዊ ሆኖ፣ ጥንካሬውን አጥቶ ያመጣህበትን ቀን አንተም አትረሳውም። እሳቸው «ብረት የማያውቅ ልጅ የለኝም» አሉ፤ አንተም ልብስህን ይዘህ ወጣህ። እኔ በሩ ላይ ቆሜ አንድ ቃል አልተነፈስኩም። እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

አባባ መጋዝ ሲገዙ እንዴት እንደሆኑ ታውቃለህ። መስከረም ላይ የሥራ ዕቃ ነጋዴው ከድር ሱቅ ገብተው፣ አንዱን አጉብጠው ሲለቁ፣ ሌላውን በጥፍራቸው መትተው ሲያዳምጡ ግማሽ ቀን ፈጁ። ከድርን አሰለቹት። በመጨረሻ ቀጥ ብሎ የሚመለሰውን፣ ድምፁም የሚቆየውን መርጠው ወጡ። ብረቱን አልተሳሳቱም። ዓይናቸው ግን ደክሞ ኖሯል፤ ለማናችንም አልነገሩንም።

ባለፈው ሳምንት ጥርሱን ሊሞርዱ ሲቀመጡ ላግዝዎት ብላቸው ተቆጡኝ። የአንዱን ወገን ጥርስ አብዝተው ሞርደውት ኖሮ፣ መጋዙ ከመስመሩ እየወጣ ለወይዘሮ ሸዋነሽ ቁም ሣጥን የመጣውን የዋንዛ ሳንቃ አበላሸው። ሳንቃው ነው ጠማማ ብዬ ዋሸኋቸው። እሳቸው ግን ጥርሱን በአውራ ጣታቸው ዳበሱና ገባቸው። ሞረዱን መሬት አስቀመጡ። ከዚያ «ባዘዘውን በአንድ መጋዝ ሰበብ ከቤት አስወጣሁት። እኔንስ ማን ያስወጣኝ?» አሉ። አባባ ሲያለቅሱ ያን ቀን አየሁ።

ከዚያ ወዲህ ሥራ አልነኩም። የመጋዙን ጥርስ እኔ እኩል ላደርግ ሞከርኩ፤ አልሆነልኝም። እልኸኛ መሆንህን አውቃለሁ፤ ከማን እንደወረስከውም አውቃለሁ። ቢሆንም እልህህን ተው ብዬ እለምንሃለሁ።

እማዬ ሁለቱንም ጉንጭህን ስማሃለች፤ እንቅልፍ አጥታለች። ትንሿ እህታችን ዮሃና ስድስተኛ ክፍል ገብታለች፤ መልክህን ረስቼዋለሁ እያለች ታስለቅሰናለች። ጎረቤታችን እማማ በየነች በጸሎታቸው አይረሱህም።

አባባን ምን ልጻፍልዎት አልኳቸው። መጀመሪያ ይቅር ይበለኝ በይልኝ አሉና ጻፍኩት። ቆይተው አሰረዙኝ። «እሱን ራሴ ፊት ለፊት እነግረዋለሁ። አንቺ ና ብቻ በይው» አሉኝ።

እህትህ ማናልሞሽ
ሚዛን ተፈሪ፣ ኅዳር 12 ቀን 2001 ዓ.ም.