ከል የሆነው መጋረጃ

ይድረስ ለወንድሜ ለክንዴ፤ ባለህበት ሰላምታዬ ይድረስህ። እኛ ከናፍቆትህ በቀር ደህና ነን።

የአውራጃ ግምጃ ቤቱን ሥራ ለቀህ ፎቶ ቤት የከፈትህ ዕለት አጎታችን፣ «ደመወዝ ትቶ ጥላ ሊሸጥ!» ሲልህ አብረኸው ሳቅህ።

በለቅሶህ ግርግር እናታችን የፎቶ ማጠቢያ ክፍልህን ጥቁር መጋረጃ አውርዳ ከል አድርጋ ለበሰችው። የቀረህን ፊልምና ወረቀት ሁሉ ብርሃን በላው። አልነገርኋትም።

ትምህርት ቤት ሰኞ ይከፈታል፤ ደብተር ገና አልገዛሁም።

ትናንት ጧት ፎቶ ቤቱን ብቻዬን ከፈትሁ። አንድ ሽማግሌ ከደምበጫ መጥተው፣ «ወንድምህ ቀጥሮኝ ነበር፤ የት ሄደ?» አሉኝ። «ወንድሜ የለም» ማለት አቃተኝ። ጋቢያቸውን አስተካክለው ተቀመጡ። «ቀና ይበሉ አባባ» አልኋቸውና ባዶውን ካሜራ አነሣሁባቸው።

ናፋቂ ወንድምህ መንበሩ