ከግራ የሚመጣው መዶሻ

ውድ እታለሜ፣

በሕይወቴ ደብዳቤ ጽፌልሽ አላውቅም። ሐኪሙ ለስድስት ሳምንት ስልክም ቴሌቪዥንም እንዳታዪ ባይከለክልሽ ኖሮ ይሄም አይጻፍም ነበር። ፊደሎቹን ያተለቅኳቸው ዓይንሽ እንዳይደክም ብዬ ነው፤ እንደ አንደኛ ክፍል ተማሪ ጻፈ ብለሽ እንዳትስቂብኝ። አክስቴ፣ ጮክ ብለሽ የምታነቢላት አንቺ ከሆንሽ ደግሞ እባክሽ እንዳለ አንብቢላት። ያላማረሽን እየዘለልሽ ማንበብ እንደምትወጂ አውቃለሁ።

ትናንት አክስቴ የዓይን ምርመራሽን ውጤት ልትነግረኝ ስትደውል ቢሮ ነበርኩ። “ግራዋ ተመልሷል አለ ሐኪሙ” አለችኝ። “ከላይ ጥጉ ላይ ትንሽ ቀርቷል፤ እሱም ቀስ እያለ ይመጣል ብሏል።” ስልኩን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩት። እሷ “ሃሎ? ሃሎ? ተቋረጠ እንዴ ይሄ ነገር?” እያለች ትጮኻለች፤ እኔ ጠረጴዛው ላይ ተደፍቼ እንደ ሕፃን እነፋረቃለሁ። ከጎኔ የሚሠራው ልጅ መርዶ የሰማሁ መስሎት ውሃ ይዞልኝ መጣ።

እንግዲህ ደህና ሆነሻል። ደህና ከሆንሽ ደግሞ እስከ ዛሬ ያልነገርኩሽን ነገር መስማት ትችያለሽ። ለነርሶቹም ለጎረቤቱም “ወንድሜ ነው ያዳነኝ” እያልሽ ስታወሪ አንገቴን ደፍቼ ዝም ስል፣ አንቺ ትሕትና መስሎሻል። አይደለም። ከመጀመሪያው ልንገርሽ።

ሥራዬን ለሰው ስታስረጂ “ወንድሜ ጭራቅ ይሠራል” ትያለሽ፤ ከእውነቱም ብዙ አልራቅሽም። ጌም ውስጥ ተጫዋቹን የሚገጥመውን ጠላት የምሠራው እኔ ነኝ። ቁመናውን፣ አረማመዱን፣ ከየት እንደሚመታ፣ ከመምታቱ በፊት ምን ምልክት እንደሚሰጥ እወስናለሁ። ጥሩ ጠላት ያለ ምልክት አይመታም። የተሸነፈው ሰው “ጥፋቱ የራሴ ነው፣ አንዴ ልድገመው” ካላለ እኔ ሥራዬን አልሠራሁም ማለት ነው።

ባለመዶሻውን ስምንት ወር ለፍቼበታለሁ። ድልድይ ላይ ቆሞ አላሳልፍም የሚል ግዙፍ ሰውዬ ነው፤ እንዳየሽው ካባው መሬት ይጠርጋል። ሦስት መምቻ አለው። ፊት ለፊት በክርኑ ይገፋል፤ ከተጫዋቹ በስተቀኝ ይራገጣል፤ ከተጫዋቹ በስተግራ ደግሞ መዶሻውን አሽከርክሮ ያሳርፋል። መዶሻው ሲያርፍ አንዴ ነው የሚገድለው። ስለዚህ አንድ ሙሉ ሰከንድ ማስጠንቀቂያ ሰጠሁት፦ ትከሻው ዝቅ ይላል፣ መዶሻው ድንጋዩን ይፍቃል፣ ከዚያ ይመጣል።

አለቃችን አልወደደውም። “ይሄን ሕፃንም ያመልጠዋል። ማስጠንቀቂያውን በግማሽ ቁረጠው” አለኝ። እኔ እምቢ አልኩ። ተጨቃጨቅንና በመጨረሻ ከውጭ አሥር ሰው ይምጣ፣ እያንዳንዱ ሃያ ሃያ ጊዜ ይግጠመው፣ መሣሪያው ይመዝግብ፣ በውጤቱ እንዳኝ ተባባልን። አሥረኛዋ አንቺ ነበርሽ። የጠራሁሽ ላስመካብሽ ነው። እንኳን ባለመዶሻው፣ የሰፈራችን ጌም ቤት ባለቤት ራሱ በአንቺ ተሸንፎ ማሽኑን ከግድግዳው ነቅሎት ያውቃል።

የዕረፍት ቀንሽ ነበር። የአውቶቡስ ሹፌር ዩኒፎርምሽን አውልቀሽ ያቺን ሰማያዊ ሹራብ ለብሰሽ መጣሽ። ዘጠኙን ሰዎች ያሠቃየውን ርግጫ አንቺ እንደ ቀላል ትዘይው ጀመር። “እንዴት አወቅሽው?” ብልሽ “ሊራገጥ ሲል ጉልበቱ ይታጠፋል፤ ካባው ሸፍኖት ነው እንጂ። ካባውን አሳጥርለት” አልሽኝ። ስምንት ወር ያላየሁትን በአሥር ደቂቃ አየሽው። ኩራት ሊገድለኝ ነበር።

ከዚያ መዶሻው መጣ፤ ሞትሽ። እንደገና መጣ፤ እንደገና ሞትሽ። ሌሎቹ እያዛጉ የሚያመልጡት መዶሻ አንቺን አንድም ጊዜ አልሳተሽ። “ከየት መጣ ይሄ? ሌባ ነው እንዴ ይሄ ሰውዬ!” እያልሽ ትስቂያለሽ። አለቃችን ከኋላ ቆሞ ያያል። እኔ ደሜ ፈላ። “ዓይንሽን ግለጪ እንጂ እታለም! ምን ነካሽ ዛሬ?” ብዬ ሰው ፊት ጮኽኩብሽ። ሳቅሽን አቆምሽ። “ደክሞኝ ነው መሰለኝ” ብለሽ ሹራብሽን ማስተካከል ያዝሽ።

ከሄድሽ በኋላ የሆነውን ነው የማታውቂው። የጌሙን ድምፅ የሚሠራውን ባልደረባዬን ታውቂዋለሽ፤ “ጆሮ” የምንለውን። ውጤቱን የሚያጠናቅረው እሱ ነበር። ሄጄ “የእህቴን አውጣው፤ አማካዩን ታበላሽብናለች” አልኩት። አዎ፣ እንዲህ ነው ያልኩት። አንቺን ቁጥር የምታበላሽ አደረግሁሽ።

እሱ የጆሮ ማዳመጫውን ከአንገቱ እንኳ ሳያወርድ “አላወጣም” አለኝ።

“ደክሟት ነበር እኮ፤ ራሷ ብላለች።”

“የደከመው ሰው ሁሉንም ይስታል። እሷ ከቀኝ የሚመጣውን ማንም ያላየውን አይታለች። ከግራ የሚመጣውን ግን አንዱንም አላየችም። አሥራ አንድ መዶሻ፣ አሥራ አንድ ሞት። አንተ ጠላትህን ገምግም ተብለህ እህትህን መገምገም ያዝክ?”

ተናድጄ ሄድኩ። ቤት ገብቼ ግን ያ አሥራ አንድ ከጭንቅላቴ አልወጣ አለ። በማግሥቱ ከጆሮ ጋር ቁጭ ብለን ቀረጻውን አየነው። ትከሻው ሲወርድ እጅሽ ንቅንቅ አይልም። ዘግይተሽ አይደለም፤ ጭራሽ አልሞከርሽም። ጆሮ “ገልብጠው” አለኝ። ባለመዶሻውን በመስታወት እንደሚታይ ሰው ቀኙን ወደ ግራ፣ ግራውን ወደ ቀኝ ገለበጥኩት። ለእኛ የአንድ ቁልፍ ሥራ ነው።

በሳምንቱ “አንዴ ብቅ በይ፣ ትንሽ አስተካክዬዋለሁ” አልኩሽ። መጣሽ። መዶሻው አሁን ከቀኝ ነው የሚመጣው። መጀመሪያውን አመለጥሽ። ሁለተኛውን፣ ሦስተኛውንም። “ጎሽ! አሁን ገና ሰው አደረግከው፤ አሁን ይታያል!” ብለሽ ትከሻዬን መታ መታ አደረግሽኝ። ከዚያ ርግጫው ከግራ መጣና ጣለሽ። ደገመሽ። “ርግጫውን ግን አበላሸኸው ማሙሽዬ። ድሮ ጉልበቱ ይታይ ነበር” አልሽኝ።

ጆሮን አየሁት። ፊቱን ወደ መስኮቱ አዞረ።

ፊትሽ መጥቼ “አፍንጫዬን ብቻ እይ” አልኩሽ። በግራሽ በኩል እጄን አነሣሁ። “ስንት ጣት ነው?”

“የቱ ጣት?” አልሽኝ።

እየቀለድኩ መስሎሽ ልትስቂ ነበር። እኔ ግን በተሰበረ ቁጥር የምታማርሪበትን የአውቶቡስሽን የግራ መስታወት አስታወስኩ። “መስታወቱ ዘንድሮ ስንት ጊዜ ተሰበረ?” ብዬ ጠየቅሁሽ።

“የጋራዡን በር አጥብበውታል አልኩህ እኮ።”

“በሩን ማንም አላጠበበውም እታለም።”

ፊትሽ እንዴት እንደተለወጠ እስካሁን ይታየኛል። “የዓይን ምርመራ በየዓመቱ እንደማልፍ አታውቅም? ትንንሾቹን ፊደላት ሳይቀር ነው የማነበው! ሥራዬን ልታሳጣኝ ነው የፈለግከው?” ብለሽ ቦርሳሽን ይዘሽ ወጣሽ። በሩን ስታልፊ የግራ ትከሻሽ ከመቃኑ ጋር ተጋጨ። ዞር ብለሽ እንኳ አላየሽውም።

እዚህም ላይ ሌላ ኃጢአት አለብኝ። ለስምሪት ኃላፊያችሁ መደወል ነበረብኝ። ሁለቴ ደወልኩና ከማንሣቱ በፊት ዘጋሁት። እንድትጠዪኝ አልፈለግሁም። ስልሳ ሰው ጭነሽ እንደምትወጪ እያወቅሁ ፈራሁሽ። ጠዋት ጎሕ ሳይቀድ ጋራዥ የሄድኩት ከመንገድ ላስቀርሽ ነበር። ስደርስ አንቺ ቀድመሽኛል። የስምሪት ክፍሉ መስኮት ፊት ቆመሽ ቁልፉን ለኃላፊው እያስረከብሽ ነው።

“ዛሬ አልነዳም” ትያለሽ። “ወንድሜ ግራዬን እንደማላይ ነገረኝ። ተሳድቤ ነበር የተለየሁት። ቤት ገብቼ ግድግዳው ላይ ያለውን የቀን መቁጠሪያ አየሁት። ዓይኔን ሐሙስ ላይ ተክዬ ስቆም ሰኞና ማክሰኞ የሉም። ስልሳ ሰው ጭኜ በግምት አልሄድም።”

ኃላፊው ሰውዬ ቁልፉን ተቀብሎ “እሺ እመቤቴ፣ ተቀመጪ፣ ሻይ ላምጣልሽ” ብቻ አለ። ያኔ ዞር ስትዪ አየሽኝ። ክንዴን ያዝሽ። በግራሽ በኩል ሆኜ እስከ ሐኪም ቤት ሄድን።

የቀረውን አብረን አይተነዋል። አገጭሽን አስደግፈሽ ብርሃን ባየሽ ቁጥር የምትጫኚው መሣሪያ፤ ከውስጡ የወጣው ወረቀት በግራ በኩል በሙሉ የጠቆረው፤ ከዚያ የጭንቅላትሽ ፎቶ፤ በቀኝ በኩል፣ የግራ እይታሽን የሚያደርሰውን ነርቭ የተጫነው የወይራ ፍሬ የሚያህል እጢ። ያላየሽው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ አንቺ ተኝተሽ ነበርና። ከአምስት ሰዓት በኋላ ቀዶ ሐኪሟ ወጣች። ጭምብሏን ስታወርድ ፈገግታ አየሁ፤ ግን ማመን ፈራሁ። “ንጹሕ አድርገን አውጥተነዋል። መልኩም ክፉ አይመስልም” አለችኝ። የላቦራቶሪው ውጤት እስኪመጣ ዘጠኝ ቀን ጠበቅን። ካንሰር አይደለም ሲሉን አክስቴ ነርሷን አቅፋ አልለቅ አለቻት፤ እኔ ደረጃው ላይ ቁጭ አልኩ። “ስድስት ወር ብትቆይ ኖሮ የተጫነው አይመለስም ነበር” ያለችው ሐኪሟ ናት። ያን ቀን ጆሮ ሲመጣ ላየው አፈርኩ።

ስለዚህ እታለም፣ ያዳነሽ እኔ አይደለሁም። እኔ ልሰርዝሽ ነበር። ያዳነሽ “አላወጣም” ያለው ሰው ነው፤ ከእሱ ቀጥሎ ደግሞ ቁልፉን ያስረከብሽው አንቺ። ይሄን ይዤ ስትመርቂኝ መስማት ከበደኝ። ጆሮ እሑድ አብሮኝ ይመጣል። ምርቃቱን ለሱ አድርጊው፤ ለኔ ይቅርታሽ ይበቃኛል።

ግምገማውን ባለፈው ሳምንት ለአለቃችን አቀረብኩ። ካባው እስከ ጉልበቱ አጠረ፤ በጥቆማሽ ነው። የመዶሻው ማስጠንቀቂያ አንድ ሰከንድ እንደሆነ ይቆያል። ጆሮ ደግሞ መዶሻው ድንጋዩን ሲፍቅ የሚሰማውን ድምፅ ከፍ አድርጎ፣ መዶሻው ካለበት በኩል እንዲመጣ አደረገው፤ ያላየ ሰው እንዲሰማው። አለቃችን የአንቺን አሥራ አንድ መስመር ደጋግሞ አነበበና “ቁረጠው ያልኩህን እርሳው” አለኝ።

ከዚህ ሌላ ብዙ ወሬ የለኝም። ያለ አክስቴ ደረጃ አትውረጂ። ራስ ምታት ከመጣ አትደብቂ። እሑድ ከምሳ በፊት እንደርሳለን፤ ሐኪሙ ከፈቀደም እስከ አደባባዩ አብረን በእግራችን እንሄዳለን።

ሦስት ወር ሙሉ ጠዋት ዓይኔን ስገልጥ መጀመሪያ የማስበው አንቺን ነበር፤ ቁርስ ሳልቀምስ ከቤት እወጣ ነበር። ዛሬ ጠዋት ነቃሁና ለካ ርቦኛል። መጀመሪያ ያሰብኩት ቁርስ ነው። አንቺ ትዝ ያልሽኝ ሁለተኛው እንቁላል ላይ ስደርስ ነው። አትቀየሚኝ።

ያደከምሽው ታናሽ ወንድምሽ፣
ማሙሽ